የመስተንግዶ ኢንዱስትሪና የምግብ አገልግሎት ክፍሎቹ፦ ከአንኮበር ግቢ የሚገኝ ትምህርት

1. መግቢያ

ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ ቤት ሥራ በተነሣ ቁጥር በመምህራንም ሆነ በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው፣ እንግዳ መቀበል ከአባቶቻችን የወረስነው ባሕል ስለሆነ በትምህርት ቤት የሚሰጥበት ምክንያት የለም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሆቴል ሙያ ከውጭ አገር የመጣ ስለሆነ ቃላቱንም አሠራሩንም እንዳለ መቅዳት ይገባል የሚል ነው። የመጀመሪያው አስተያየት ሙያውን ከትምህርት ያርቀዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ዋጋ ያሳጣዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመስተንግዶ ኢንዱስትሪ ምን እንደሆነና በውስጡ ያሉት የምግብ አገልግሎት ክፍሎች እንዴት ተያይዘው እንደሚሠሩ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ለማስረጃነት የተመረጠው ቦታ በሰሜን ሸዋ የሚገኘው አንኮበር ነው። የተመረጠበትም ምክንያት፣ በዚህ ቦታ ሰፊ የምግብ አገልግሎት በክፍል ተከፍሎ፣ ለየክፍሉ ኃላፊ ተመድቦለት ይካሄድ ስለነበረና ዛሬም በዚያው ኮረብታ ላይ ክፍያ የሚቀበል የእንግዳ ማረፊያ ስላለ ነው። ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ መምህር፣ ለተማሪው ያልነበረው ነገር ምን እንደሆነ፣ የነበረውስ ምን እንደሆነ ለይቶ ለማስተማር ይችላል።

2. የመስተንግዶ ኢንዱስትሪ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ማደሪያና እራት ያገኛል። ይህ መስተንግዶ ነው፤ ኢንዱስትሪ ግን አይደለም። መስተንግዶ ኢንዱስትሪ የሚባለው፣ ከቤቱ ውጭ ለሚገኝ ሰው ማደሪያን፣ ምግብንና መጠጥን ወይም ከእነዚህ አንዱን፣ አስቀድሞ በታወቀ ደረጃና ዋጋ፣ በየዕለቱ ሳያቋርጥ የሚያቀርብ የተደራጀ ሥራ ሲሆን ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሆቴሎች፣ ሎጆች፣ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች ብቻ ሳይሆኑ የሆስፒታል፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የፋብሪካና የአውሮፕላን ምግብ አቅራቢዎችም ይካተታሉ።

አንድ መካከለኛ ሆቴል በአብዛኛው በአራት ዋና ዋና የሥራ ዘርፎች ይከፈላል። እነርሱም፦ እንግዳውን የሚቀበለውና የሚያስተኛው የመኝታ አገልግሎት፣ የምግብና መጠጥ አገልግሎት፣ የሒሳብና የአስተዳደር ክፍል፣ እንዲሁም የጥገናና የጥበቃ ክፍል ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ የሚፈልገው፣ ብዙ ዓይነት ዕቃ በየቀኑ ገብቶ የሚወጣበትና ስለሆነም ለብክነት ይበልጥ የተጋለጠው የምግብና መጠጥ አገልግሎት ነው። አልጋ ዛሬ ባይከራይ ነገ ይከራያል፤ ዛሬ ተሠርቶ ያልተበላ ወጥ ግን ነገ ዕዳ ነው።

3. በአንኮበር ግቢ የነበረው የሥራ ክፍፍል

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚቆረጥበት ገደል አፋፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሸዋ መሳፍንትና ነገሥታት ከሚቀመጡባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813—1847) ከዚህ ሆነው አገር አስተዳድረዋል። ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ፣ መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ እስኪዛወር ድረስ ከዋና ዋና ግቢዎቻቸው አንዱ በዚሁ ነበር። ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ዳርቻ በአፋር በኩል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ስለነበረ፣ ቦታው ዘወትር እንግዳ የማይለየው ነበር።

በዚያ ዘመን ንጉሡ የተቀበለው የውጭ እንግዳ የዕለት ቀለቡን ከግቢ ያገኝ ነበር። ይህም ቀለብ ድርጎ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስና በአልዩ አምባ የተቀመጠው ሐኪም ቻርለስ ጆንስተን ስለ ሸዋ ጉዟቸው በጻፏቸው መጻሕፍት ይህን አሠራር ተርከውታል። ድርጎ እንጀራው፣ ጠጁ፣ ሥጋው ለማን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሰጥ በትእዛዝ የተወሰነ በመሆኑ፣ ዛሬ በሆቴል «ቁርስን የሚጨምር አዳር» ከምንለው ጋር የሚመሳሰል መልክ አለው። ልዩነቱ መጠኑን የሚወስነው የእንግዳው ክፍያ ሳይሆን የእንግዳው ማዕረግና የንጉሡ ፈቃድ መሆኑ ነው።

ሰፊው የምግብ አገልግሎት ግን ግብር ሲገባ የሚታየው ነው። ለግብር የሚሰበሰበውን ሕዝብ ለመመገብ የግቢው ሥራ በየቤቱ ተከፋፍሎ ነበር። እህሉ በጎተራ፣ ሌላው ንብረት በግምጃ ቤት ይጠበቃል። እንጀራ ቤት ይጋግራል፤ ወጥ ቤት ይሠራል፤ ሥጋ ቤት ያርዳል፣ ይበልታል፤ ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት ይጥላሉ። የግቢውን ጠቅላላ ሥራ አዛዡ ይቆጣጠራል። አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ እንደየማዕረጉ ያስገባል፣ ያስቀምጣል። አሳላፊዎች መሶቡንና ጠጁን ያቀርባሉ፤ ጠጅ የሚያሳልፈውም ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ አንጠብጥቦ ይቀምሳል። ታዳሚው አዳራሹ በአንድ ጊዜ ስለማይችለው በየተራ ይገባል፤ መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ቀጣዩ ተራ ይተካል።

መምህሩ ለተማሪዎቹ ሊያስገነዝበው የሚገባ አንድ ነገር «ግብር» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። ገበሬው ለንጉሡ የሚያስገባው እህል፣ ማርና ሙክት ግብር ይባላል፤ ንጉሡ መልሶ የሚያበላውም ማዕድ ግብር ይባላል። ስለዚህ የግቢው መስተንግዶ ነፃ አልነበረም፤ ወጪው አስቀድሞ በሌላ መንገድ ተከፍሏል። ከፋዩና ተመጋቢው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበሩም።

ሁለተኛ ሊሸፈን የማይገባው እውነት አለ። እህል የሚፈጩት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙት ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ በመካከላቸውም በባርነት የተያዙ ነበሩ። ጠጅ አሳላፊው ከንጉሡ ፊት ስለሚቆም ሲከበር፣ ፈጪዋ ግን ስሟ እንኳ አይታወቅም ነበር። ዛሬ በወጥ ቤት ሥራ ላይ የሚታየው ንቀት አንዱ ሥሩ ከዚህ የሚመዘዝ መሆኑ መታወቅ አለበት።

4. ከግብር ወደ ሒሳብ መሸጋገር

በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ተብሎ የሚታወቀው በአዲስ አበባ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ምሥረታው በተለምዶ 1898 ዓ.ም. ነው ይባላል። ስለ ሆቴሉ አጀማመር ሲተረክ፣ መኳንንቱ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር በመቁጠራቸው ደንበኛ እንዳልተገኘ፣ ምኒልክም ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው በመሄድና በመክፈል አርአያ እንደሆኑ ይነገራል። ትረካው በየአፉ ጥቂት ቢለዋወጥም የሚያመለክተው ነገር ግልጽ ነው። በጊዜው አዲስ የነበረው ወጡ ወይም እንጀራው ሳይሆን ሒሳቡ ነበር።

ይህ ለውጥ በሥራው ጠባይ ላይ ሦስት ነገሮችን አስከትሏል። አንደኛ፣ ተመጋቢው ራሱ ከፋይ በመሆኑ የመጠየቅና የመቃወም መብት አገኘ። ሁለተኛ፣ ተራው በማዕረግ ሳይሆን በአመጣጥ ቅደም ተከተል ሆነ። ሦስተኛ፣ አንድ ሳህን ምግብ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ሳይታወቅ ዋጋ ማውጣት ስለማይቻል፣ ልክና መዝገብ የሙያው ምሰሶዎች ሆኑ።

በአውሮፓም ቢሆን የዘመናዊው ወጥ ቤት አደረጃጀት ከዚህ ብዙ የሚቀድም አይደለም። ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ (እ.ኤ.አ. 1846—1935) በለንደን ሳቮይ ሆቴል በሠራበት ጊዜ ሠራተኞቹን በየሥራ ጣቢያው መድቦ፣ ለየጣቢያው አለቃ ሰጥቶ ማሠራቱ ይታወቃል። ኤስኮፊዬ የዳግማዊ ምኒልክ የዘመን እኩያ ነበር። ስለሆነም ሥራን በየክፍሉ መመደብ ለእኛ ባዕድ ነው ለማለት አይቻልም።

5. የዘመናዊ ሆቴል የምግብ አገልግሎት ክፍሎች

የክፍሎቹን ግንኙነት ለመረዳት የሚሻለው መንገድ አንድ ኪሎ ሥጋን ወይም አንድ ኪሎ ሽሮን ከገበያ ጀምሮ እስከ እንግዳው ገበታ ድረስ መከተል ነው።

ሀ) ግዥና ግምጃ ቤት፦ ዕቃው በጥራት፣ በሚዛንና በዋጋ ተመርምሮ ይገባል። መምህራን በትምህርት ቤታቸው ንብረት ክፍል የሚያውቁት የገቢ ሞዴል 19 እና የወጪ ሞዴል 22 በስም ቢለያይም በሆቴል ግምጃ ቤትም ተመሳሳይ ተግባር አለው፤ ያልተመዘገበ አይገባም፣ ያልተፈረመበትም አይወጣም። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ እንዲወጣ ማድረግም የዚህ ክፍል ደንብ ነው። ይህ በግቢው የጎተራውና የግምጃ ቤቱ ሥራ ነበር።

ለ) ምግብ ዝግጅት ወይም ወጥ ቤት፦ በዋና ወጥ ቤት ኃላፊ ሥር ሆኖ የትኩስ ምግብ፣ የሰላጣና ቀዝቃዛ ምግብ፣ የሥጋ ማዘጋጃ፣ የዳቦና ኬክ፣ እንዲሁም በአገራችን የእንጀራና የባሕላዊ ወጥ ጣቢያዎች ይኖሩታል። አነስተኛ በሆነ ቤት አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ጣቢያ ሊይዝ ይችላል፤ ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበት ጣውላና ቢላዋ ግን ለበሰለ ምግብና ለአትክልት ከሚውለው መለየት አለበት።

ሐ) የዕቃ አጠባና ንጽሕና ክፍል፦ ሳህንና ብርጭቆ ማጠብ፣ ወለልና ምድጃ ማጽዳት፣ ቆሻሻ ማስወገድ፣ የተሰበረና የጠፋ ዕቃ መቁጠር ተግባሩ ነው። ከሁሉም የሚናቅ ክፍል ሲሆን፣ ሥራውን ሲያቆም ግን ቤቱ በሙሉ የሚቆመው በእርሱ ምክንያት ነው።

መ) የገበታ መስተንግዶ፦ የአጋፋሪውን ሥራ የአዳራሽ ኃላፊው፣ የአሳላፊውን ሥራ አስተናጋጁ ይሠራዋል። አስተናጋጁ የእንግዳውን ትእዛዝ በቦኖ ጽፎ አንዱን ቅጂ ለወጥ ቤት፣ ሌላውን ለገንዘብ ተቀባይ ይሰጣል። ቦኖ ትንሽ ወረቀት ቢመስልም ሦስቱን ክፍሎች የሚያገናኝ ውል ነው፤ ያለ ቦኖ የወጣ ሳህን ባለቤት የለውም።

ሠ) የመጠጥ ክፍል፦ ቡናና ሻይ፣ ለስላሳና አልኮል መጠጥ የሚቀርብበት ነው። የመጠጥ ልክ በቀላሉ የሚሳሳትና የሚሰረቅ ስለሆነ የዕለት ቆጠራ ያስፈልገዋል።

ረ) የግብዣና የስብሰባ አገልግሎት፦ ሠርግ፣ ስብሰባና ልደት የመሳሰሉትን ያስተናግዳል። ለብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ማቅረብን ስለሚጠይቅ በጠባዩ ለአንኮበር ግብር የሚቀርበው ይህ ክፍል ነው።

ሰ) የወጪ ቁጥጥር፦ ከግምጃ ቤት የወጣውን፣ ወጥ ቤት የሠራውን፣ በቦኖ የተሸጠውንና በገንዘብ የገባውን አስተያይቶ ልዩነቱን ያወጣል። በቀድሞው ግቢ አዛዡ በዐይኑና በእምነቱ ይቆጣጠር የነበረውን ዛሬ መዝገብ ይቆጣጠረዋል።

6. ልክ ለምን ያስፈልጋል?

ለእንግዳ ሲቀርብ ልክ መያዝ በባሕላችን እንደ ሥሥት ይታያል። «ብሉልኝ» እያለች የምታጎርስ እናት አትመዝንም። በሆቴል ግን ልክ መያዝ ለእንግዶች ሁሉ እኩል መስጫ መንገድ እንጂ ሥሥት አይደለም። ለአሠራሩ ማስረጃ እንዲሆን በግምት በተወሰዱ ቁጥሮች የሚከተለውን ስሌት እንመልከት።

አንድ ምግብ ቤት ለ50 እንግዶች ጥብስ ሊያዘጋጅ 10 ኪሎ ሥጋ በኪሎ 600 ብር ሒሳብ ገዛ እንበል፤ የከፈለው 6000 ብር ነው። አጥንትና ጅማት ሲወጣ 7.5 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ተረፈ። ስለዚህ የንጹሑ ሥጋ እውነተኛ ዋጋ በኪሎ 600 ሳይሆን 800 ብር ነው። ለአንድ ሰው 150 ግራም ከተደለደለ በትክክል 50 ድርሻ ይወጣል፤ የአንዱ ድርሻ የሥጋ ወጪም 120 ብር ይሆናል። ወጥ ሠሪው በጭልፋ በግምት እያወጣ ለእያንዳንዱ 200 ግራም ቢሰጥ ግን 37 ሰዎች ብቻ ሙሉ ድርሻ ያገኛሉ፤ 13 እንግዶች ከፍለው ይቀራሉ። የአንዱ ድርሻ ወጪም ወደ 160 ብር ከፍ ይላል። ቤቱ የሥጋውን ወጪ ከመሸጫው ዋጋ 40 በመቶ እንዲሆን አስቦ 300 ብር ቢተምን፣ በግምት አወጣጡ ምክንያት ይኸው ወጪ ከ53 በመቶ ያልፋል። ቤቱ በሥጋ ውድነት ከሰርኩ ይላል፤ የከሰረው ግን በጭልፋው ነው።

ይህ ስሌት ከመቶኛና ከተመጣጣኝ ክፍፍል የዘለለ የሒሳብ ዕውቀት አይጠይቅም። ስለዚህ የሒሳብ መምህር በከፍተኛው የአንደኛ ደረጃ ክፍል ሊያስተምረው ይችላል።

7. የአካባቢው ልዩ ሁኔታዎች

የሙያው መሠረተ ሐሳብ በየትም አንድ ቢሆንም አፈጻጸሙ ከቦታው አየርና ኑሮ ጋር መስማማት አለበት። ለሰሜን ሸዋ ደጋ በተለይ አራት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውኃ መፍያ ሙቀት በግምት አንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀንስ፣ በዚህ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሥጋ በቆላው ከሚፈጅባቸው የበለጠ ጊዜ ይወስድባቸዋል። እሳት ቢጨመር የፈላው ውኃ ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ጥራጥሬን አስቀድሞ መዘፍዘፍና በእንፋሎት ግፊት በሚያበስል ድስት መጠቀም ጊዜንና ማገዶን ያተርፋል።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ብዙ ሰው በደጋ ምግብ አይበላሽም ብሎ ያምናል። ነገር ግን ጀርሞች በቀላሉ የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ነው። የአንኮበር ቀዝቃዛ ጓዳም ቢሆን በአብዛኛው ከ5 ዲግሪ በላይ ነው። ስለሆነም የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ በጓዳ መቀመጥ የለበትም፤ ትኩስ ሆኖ የሚቀርበው ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት።

ሦስተኛው ጾምና ሃይማኖት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚጾመው ዓቢይ ጾም፣ የነቢያትና የፍልሰታ ጾሞች ሲደመሩ የዓመቱን ሰፊ ክፍል ይይዛሉ። በሌላ በኩል በአልዩ አምባና በዙሪያው የአርጎባና ሌሎች ሙስሊም ነዋሪዎች ይኖራሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ሌላው ያረደውን ስለማይበላ፣ የሁለቱን እንግዶች ሥጋ የሚያቀርብ ቤት ግዥውን፣ ማብሰያውንና ቢላዋውን መለየት ይኖርበታል። የምግብ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ ከፊቱ ሊለየው አይገባም። የጾም ወጥ በቅቤ በተነካ ጭልፋ እንዳይማሰል መጠበቅ ለእንግዳው የእምነት፣ ለቤቱም የታማኝነት ጉዳይ ነው።

አራተኛው አቅርቦት ነው። ደጋው ገብስ፣ ባቄላና የበግ ሥጋ ይሰጣል፤ ቆላው ማሽላና የሞቃት አገር ፍሬ ይሰጣል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለቱም አየሮች መገናኘታቸው ለምግብ ቤት ትልቅ ሀብት ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮና የገብስ ጠላ በሥርዓት ቢቀርቡ ከሩቅ ተጭኖ ከሚመጣ ምግብ ይልቅ እንግዳውን የሚያስደስቱ፣ ለገበሬውም ገበያ የሚሆኑ ናቸው።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርብ ሐሳብ

ዛሬ ወደ አንኮበር የሚመጣ ጎብኚ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎችንና በአካባቢው ስም የምትጠራውን የአንኮበር ሴሪን የተባለች ብርቅዬ ወፍ ለማየት ይመጣል። በኮረብታውም ላይ የቀድሞውን አዳራሽ መልክ ተከትሎ የተሠራ ሎጅ አለ። ጥያቄው በእንዲህ ያለው ቤት የግምጃ ቤቱን መዝገብ፣ የወጥ ቤቱን አለቅነትና የሒሳቡን ቁጥጥር የሚይዘው ማን ይሆናል የሚለው ነው። የአካባቢው ልጅ ሻንጣ በመሸከምና ዕቃ በማጠብ ብቻ ተወስኖ ኃላፊነቱን ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የሚይዘው ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ተግባሩን አልፈጸመም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዕቅዱ በጎብኚ ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኝና በጦርነት ምክንያት የጎብኚ እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚቋረጥ አገሪቱ በሙሉ አይታለች። ሆኖም ጎብኚ ቢቀርም ሆስፒታል ሕሙማኑን ይመግባል፤ ዩኒቨርሲቲ በየቀኑ ተማሪዎቹን ያበላል፤ ሠርገኛውም ድግሱን አይተውም። በደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲና በኋላ የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለዚህ ምሳሌዎች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች የሚያስፈልገው ሙያ ከሆቴሉ ሙያ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ለሁለቱም ብቁ ሆኖ መውጣት ይችላል።

በዚህ መሠረት የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሀ) ትምህርቱ ትሪ ከመያዝ ሳይሆን ከክፍሎቹ ግንኙነት ይጀምር። ተማሪው አስቀድሞ ኪሎዋን ሽሮ ከግምጃ ቤት እስከ ሒሳብ ድረስ ይከተላት፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ክፍል መርጦ ይሠልጥን። ይህን ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ መዝገብ፣ ቦኖና አንድ ምድጃ ይበቃሉ።

ለ) ትምህርቱ ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ጋር ይያያዝ። የመፍያ ሙቀት በፊዚክስ፣ የጀርሞች መራባት በባዮሎጂ፣ የድርሻ ስሌት በሒሳብ፣ የግቢው ሥርዓት በታሪክ ሊሰጥ ይችላል። በቀድሞ ዘመን «ኑሮ በዘዴ» በሚል ስም የተሰጠው ትምህርት ጥሩ መነሻ ነበር፤ ድክመቱ በብዙ ሰው አእምሮ የሴቶች ትምህርት ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለሙያና ቴክኒክ በተሰጠው ቦታ ይህ ስሕተት ሊደገም አይገባም።

ሐ) የሥራ ላይ ልምምድ ዋና ይሁን። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት የትብብር ሥልጠና መኖሩ የታወቀ ነው። ሆቴል በሌለበት ቦታ የትምህርት ቤት ምገባ ወጥ ቤት፣ የሆስፒታል ወጥ ቤት ወይም የኮሌጅ ምግብ አዳራሽ ለልምምድ ሊያገለግል ይችላል። ሠልጣኙ በአንድ ክፍል ብቻ እንዳይቀር በሁሉም ክፍሎች መዞሩ መረጋገጥ አለበት።

መ) በልምድ የተገኘ ሙያ ይታወቅ። በየመንደሩ ለሁለት መቶና ሦስት መቶ ሰው ድግስ የሚያሰናዱ፣ ጠላና ጠጅ ልኩን ጠብቀው የሚጥሉ ሴቶች አሉ። እነዚህ ሴቶች «ምን ሙያ አለሽ?» ሲባሉ «ምንም» ብለው ይመልሳሉ። የብቃት ምዘናው ሥርዓት ሙያው ከየትም ቢገኝ ተመዝኖ ማረጋገጫ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ስለዚህ የጎደላቸውን የመዝገብ አያያዝና የንጽሕና ደንብ በአጭር ሥልጠና አሟልቶ ለምዘና ማቅረብ፣ አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ከማሠልጠን የቀለለና የፈጠነ ነው። ከእነርሱ መካከልም አስተማሪ የሚሆኑ ይገኛሉ።

ሠ) አሠልጣኞች ይዘጋጁ። በአዲስ አበባ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተውና ስሙ በየጊዜው የተለዋወጠው የሆቴልና ቱሪዝም ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ባለሙያዎች አፍርቷል። የወረዳ መምህራን በዕረፍት ጊዜያቸው ከእንዲህ ያለው ተቋም ተግባራዊ ሥልጠና የሚያገኙበት መንገድ ቢታቀድ፣ ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳይቀር ይረዳል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተብራራው፣ ሥራን በየክፍሉ ከፍሎ ብዙ ሰው ማስተናገድ በአንኮበር የታወቀ ነገር ነበር። ጎተራው፣ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ አጋፋሪውና አሳላፊው ዛሬ በሌላ ስም በሆቴል ውስጥ ይገኛሉ። ያልነበረው ለሁሉ እኩል የሆነ ልክ፣ ሁሉም የሚያየው መዝገብና ለፈጪዋም ለአሳላፊውም እኩል የሚሰጥ ክብር ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሚዛንና በደብተር ማስተማር ይቻላል። ሦስተኛው ግን በቅድሚያ ከመምህሩ ይጠበቃል። ወጥ ቤት እሠራለሁ የሚል ተማሪ ሲያጋጥመው፣ ሐኪም እሆናለሁ ለሚለው የሚሰጠውን ያህል ጆሮ የሰጠ መምህር የዚህን ትምህርት የመጀመሪያ ምዕራፍ አስተምሯል።